የሱቁ ትርፍ በገንዘብ ሳጥን አይታወቅም

የሰኔ ወር ለገበሬው የጥድፊያ ወር ነው። ማሳው ይታረሳል፣ ዘርና ማዳበሪያ ይከፋፈላል፣ ያለፈው መኸር እህልም ከጎተራ እየጎደለ ይሄዳል። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ መዝጊያ በመሆኑ ወሩ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሒሳብ ወር ጭምር ነው። ዓመቱን ሙሉ ከማኅበራቸው ሱቅ ጨው፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ የምግብ ዘይትና ማረሻ ሲገዙ የቆዩ አባላት «ሱቃችን ዘንድሮ ስንት አተረፈ?» ብለው የሚጠይቁትም በዚሁ ሰሞን ነው።

ጥያቄው የባለቤት ጥያቄ ስለሆነ ተገቢ ነው። መልሱ በግምት የተሰጠ እንደሆነ ግን ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛው፣ ማኅበሩ የሌለውን ትርፍ አከፋፍሎ የሥራ ማስኬጃ ገንዘቡን ይበላል። ሁለተኛው፣ ምንም ያላጎደለ የሱቅ ሠራተኛ ወይም ገንዘብ ያዥ በሌብነት ይጠረጠራል። ሁለቱንም ለመከላከል የሚያስችሉት የሙከራ ሚዛንና የትርፍና ኪሣራ መግለጫ የተባሉ ሁለት ወረቀቶች ናቸው።

ወረቀቶቹን የሚያዘጋጀው የሒሳብ ሠራተኛው ነው። አንብቦ የሚፈርምባቸውና በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆሞ የሚያስረዳው ግን መሪው ነው። ስለዚህ ማንኛውም የማኅበር መሪ የሒሳብ ባለሙያ ባይሆንም እንኳ አሠራሩን ሊረዳው ይገባል።

ጥርጣሬ የሚነሣው ከየት ነው?

ለምሳሌ የአንድ ቀበሌ ገበሬዎች ያቋቋሙት የኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ይወሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ የተመረጡ ናቸው። ሱቁ በዓመቱ ውስጥ 640,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ገዝቷል፤ የ800,000 ብር ሽያጭም አካሂዷል። ታዲያ በጉባኤው ላይ አንድ አባል ተነሥቶ «በ640,000 ብር ገዝተን በ800,000 ብር ከሸጥን ያተረፍነው 160,000 ብር ነው። በሳጥንና በባንክ ያለው ግን 80,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 80,000 ብር የት ገባ?» ቢል ጉባኤው ይናወጣል። ዓይን ሁሉ በሱቅ ሠራተኛው ላይ ያርፋል።

ሌላው አባል ደግሞ «ነገር ከማብዛት በእጃችን ያለውን 80,000 ብር እንከፋፈል» ይል ይሆናል። ይህም ሐሳብ ብዙ ደጋፊ ሊያገኝ ይችላል፤ ወሩ ሰኔ ነውና።

ይሁን እንጂ ሁለቱም አባላት ተሳስተዋል። ሱቁ ያተረፈው 160,000 ብርም፣ 80,000 ብርም አይደለም። የጠፋ ገንዘብም የለም። ይህ የሚታወቀው ግን መዝገቡ ደረጃ በደረጃ ሲሠራ ነው።

ገበሬው የሚያውቀው ስሌት

ነገሩ በመሠረቱ ለገበሬው እንግዳ አይደለም። አውድማ ላይ የተከመረውን እህል በሙሉ ትርፍ ነው የሚል ገበሬ የለም። በቅድሚያ የሚመጣው ዓመት ዘር ይነሣለታል፤ ብድር ካለ ይከፈላል፤ በእኩል ያረሰ የባለመሬቱን ድርሻ ይሰጣል። ትርፉ የሚታወቀው ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ ነው። ማረሻውም በየዓመቱ እየተበላ ስለሚሄድ ብልህ ገበሬ የመለወጫውን ዋጋ አስቀድሞ ያስባል። የትርፍና ኪሣራ መግለጫ ይህንኑ ስሌት በወረቀት ላይ የሚያሰፍር ነው።

የሙከራ ሚዛንም ስሙ እንደሚያመለክተው የሚዛን ሥራ ነው። እህል የሚመዝን ሰው ከመጀመሩ በፊት ሚዛኑ በባዶው መስተካከሉን እንደሚያይ ሁሉ የሒሳብ ሠራተኛም ትርፍ ከማስላቱ በፊት መዝገቡ በግራና በቀኝ እኩል መሆኑን ይፈትሻል።

ግብይትን በሁለት ወገን የመመዝገቡ ዘዴ ረጅም ዕድሜ አለው። ጣሊያናዊው መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ የከተማይቱ ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውን ይህንኑ ዘዴ ገልጾታል። በኢትዮጵያ ገጠር የኅብረት ሥራ ሱቆች በስፋት የታዩት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታውጆ የገበሬ ማኅበራት ከተቋቋሙና በ1970 ዓ.ም. ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 138 ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በ1991 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 147፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 985 ወጥተዋል። ሕጎቹ ቢለዋወጡም የአባላቱ ጥያቄና የሒሳቡ ዘዴ አልተለወጡም።

የሙከራ ሚዛን አዘገጃጀት

የሱቁ ማንኛውም ግብይት በደረሰኝ ወይም በቫውቸር ተደግፎ በየዕለቱ በቀን መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከቀን መዝገብ ደግሞ ወደ ሌጀር ይዛወራል። ሌጀር ለእያንዳንዱ የሒሳብ ዓይነት ለየብቻ ገጽ ያለው መዝገብ ነው፤ ለጥሬ ገንዘብ አንድ ገጽ፣ ለግዢ አንድ ገጽ፣ ለሽያጭ አንድ ገጽ ይኖረዋል።

ሰኔ 30 ሲደርስ የየገጹ ቀሪ ሒሳብ ተፈልጎ በአንድ ወረቀት ላይ ይዘረዘራል። በግራ በኩል ዴቢት፣ በቀኝ በኩል ክሬዲት ይጻፋል። በዴቢት በኩል የሚገባው ማኅበሩ በእጁ ያለው ሀብትና ያወጣው ወጪ ነው። በክሬዲት በኩል የሚገባው ደግሞ ያ ሀብትና ወጪ የተገኘበት ምንጭ ነው፤ ይኸውም ከሽያጭ የተገኘ ገቢ፣ የሌሎች ሰዎች ዕዳ፣ የአባላት ዕጣና መጠባበቂያ ነው። ያለ ምንጭ የሚገኝ ሀብት ስለሌለ ሁለቱ ወገኖች ድምራቸው እኩል መሆን አለበት።

በምሳሌነት የተወሰደው ሱቅ የሙከራ ሚዛን በሰኔ 30 የሚከተለውን ይመስላል።

ዴቢት
በእጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ — 14,000 ብር
በባንክ ያለ ገንዘብ — 66,000 ብር
ከአባላት የሚሰበሰብ ዱቤ — 90,000 ብር
ሐምሌ 1 ቀን የነበረ የዕቃ ክምችት — 120,000 ብር
የዓመቱ ግዢ — 640,000 ብር
የዕቃ ማጓጓዣ — 30,000 ብር
መደርደሪያና ሚዛን — 50,000 ብር
የሱቅ ሠራተኛ ደመወዝ — 55,000 ብር
የቤት ኪራይ — 18,000 ብር
ልዩ ልዩ ወጪ — 12,000 ብር
ድምር — 1,095,000 ብር

ክሬዲት
የዓመቱ ሽያጭ — 800,000 ብር
ለዕቃ አቅራቢዎች የሚከፈል ዕዳ — 85,000 ብር
የአባላት ዕጣ — 150,000 ብር
መጠባበቂያ — 60,000 ብር
ድምር — 1,095,000 ብር

ሁለቱ ድምሮች እኩል ስለሆኑ ሥራው ሊቀጥል ይችላል። እኩል ባይሆኑ ኖሮ ልዩነቱ በግድ እንዲጠፋ አንዱን ቁጥር መነካካት ክልክል ነው፤ ስሕተቱ መፈለግ አለበት። ለፍለጋው የሚረዱ ሁለት የቆዩ ዘዴዎች አሉ።

ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ቁጥር ተገላብጦ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። 5,400 ብር በ4,500 ብር ቢጻፍ ልዩነቱ 900 ነው፤ 900 ደግሞ ለ9 ይካፈላል። ልዩነቱ ለ2 የሚካፈል ከሆነ ደግሞ አንድ ሒሳብ በተሳሳተ ወገን ገብቶ እንደሆነ ይታያል። የወር የቤት ኪራይ 1,500 ብር በዴቢት ፈንታ በክሬዲት ቢጻፍ ልዩነቱ 3,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ የልዩነቱን ግማሽ የሚያህል ቁጥር በመዝገቡ ውስጥ መፈለግ ድካም ይቀንሳል።

ሚዛኑ የማይናገረው

መሪዎች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። የሚዛን መስተካከል እህሉ ከአፈር የጸዳ መሆኑን አይናገርም። እንዲሁም የሙከራ ሚዛን ድምር እኩል መሆኑ መዝገቡ እውነተኛ መሆኑን አያረጋግጥም።

በመጀመሪያ፣ ጨርሶ ያልተመዘገበ ግብይት ሚዛኑን አያዛባም። አንድ አባል የ4,000 ብር ዕቃ በዱቤ ወስዶ ሳይጻፍ ቢቀር በዴቢትም በክሬዲትም የለም፤ ሁለቱ ድምሮች እኩል እንደሆኑ ይቆያሉ። ዕቃው ግን ከመደርደሪያ ላይ ጎድሏል። የዓመቱም ትርፍ በ4,000 ብር ያንሳል። በቆጠራ ጊዜ ጉድለቱ ሲታይ ተጠያቂ የሚሆነው ዱቤውን የወሰደው ሰው ሳይሆን የሱቅ ሠራተኛው ነው። ዱቤ በቃል መስጠት የሠራተኛውን ስም አደጋ ላይ መጣል መሆኑን አባላትም ሊያውቁት ይገባል። የዱቤ ወረቀት በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ ወሳጁ ከፈረመበት በኋላ አንዱ ለእርሱ ቢሰጥ፣ ሌላው በሱቁ ቢቀር ይህ ችግር አይደርስም።

ሁለተኛው፣ በተሳሳተ ገጽ ላይ የገባ ሒሳብ ነው። አዲስ መደርደሪያ የተገዛበት ገንዘብ እንደ ሸቀጥ ግዢ ቢመዘገብ ሁለቱም በዴቢት በኩል ስለሆኑ ድምሩ አይለወጥም። መደርደሪያው ግን ብዙ ዓመት የሚያገለግል ንብረት ሆኖ ሳለ በአንድ ዓመት ወጪ ስለሚታሰብ የዓመቱ ትርፍ ያለ አግባብ ያንሳል።

ሦስተኛው፣ በሁለቱም ወገን በተመሳሳይ ሁኔታ የተሳሳተ ቁጥር ነው። የ9,000 ብር ግዢ በዕዳውም በግዢውም በኩል 6,000 ብር ተብሎ ቢጻፍ ሚዛኑ እኩል ይሆናል። ይህን የሚያጋልጠው የአቅራቢውን ደረሰኝ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር ብቻ ነው።

ቆጠራና ማስተካከያ

ከሙከራ ሚዛን በኋላ ወዲያው ወደ ትርፍ ስሌት አይኬድም። በቅድሚያ በመዝገቡ ላይ ያልታዩ ነገሮች ይስተካከላሉ።

ዋናው የዕቃ ቆጠራ ነው። ቆጠራው ሰኔ 30 ቀን ሱቁ ተዘግቶ የሱቅ ሠራተኛው፣ የሒሳብ ሠራተኛውና የቁጥጥር ኮሚቴ ተወካይ ባሉበት ይካሄዳል። ሠራተኛው ብቻውን የቆጠረው ዕቃ ለእርሱም ለማኅበሩም ማስረጃ አይሆንም። ዋጋው የሚተመነው ዕቃው በወጣበት ገንዘብ እንጂ ወደፊት በሚሸጥበት አይደለም። ማጓጓዣውን ጨምሮ 20 ብር የወጣበትና በ24 ብር የሚሸጥ ሳሙና 500 ፍሬ ቢገኝ ተመኑ 10,000 ብር ነው። 12,000 ብር ነው ማለት ገና ያልተሸጠ ዕቃ አተረፈ ማለት ይሆናል። በእርጥበት የሟሟ ጨውና የተበላሸ ዕቃ ተለይቶ ሊያወጣ በሚችለው ዋጋ ይያዛል፤ ምንም የማያወጣ ከሆነ ከነጭራሹ ይሰረዛል። በምሳሌው ሱቅ ቆጠራው 110,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ መኖሩን አሳይቷል።

ሁለተኛው ያልተከፈለ ወጪ ነው። የሱቅ ሠራተኛው የወር ደመወዝ 5,000 ብር ነው። በመዝገቡ ላይ ያለው 55,000 ብር የ11 ወር ሲሆን የሰኔ ወር ገና አልተከፈለም። ሥራው የተሠራው በዚህ ዓመት ስለሆነ 5,000 ብሩ ተጨምሮ የዓመቱ ደመወዝ 60,000 ብር ይሆናል፤ ያልተከፈለውም በዕዳነት ይያዛል።

ሦስተኛው የእርጅና ቅናሽ ነው። 50,000 ብር የወጣባቸው መደርደሪያና ሚዛን 10 ዓመት ያገለግላሉ ቢባል በየዓመቱ 5,000 ብር የሚሆነው እንደ ማረሻው ተበልቷል ማለት ነው። ገንዘቡ በዓመቱ ከሳጥን ባይወጣም ወጪ ነው።

አራተኛው የዱቤ ምርመራ ነው። በየአባሉ ካርድ ላይ ያለው ዱቤ ተደምሮ ከሌጀሩ 90,000 ብር ጋር መግጠም አለበት። ከዚያም የዘንድሮው፣ የአምናውና ከዚያ በፊት የነበረው ለየብቻ ይለያል። በምሳሌው ሱቅ ዱቤው በሙሉ የዘንድሮ ስለሆነ ይሰበሰባል ተብሎ ተይዟል። ከውስጡ 10,000 ብር የማይሰበሰብ ሆኖ ቢገኝ ግን ያ ገንዘብ ከትርፉ ላይ መቀነስ ነበረበት። ያረጀ ዱቤን እንደ ሀብት መቁጠር አባላትን ማታለል ነው።

የትርፍና ኪሣራ መግለጫ

የሙከራ ሚዛን በአንድ ቀን፣ ማለትም በሰኔ 30 ያለውን ያሳያል። የትርፍና ኪሣራ መግለጫ ግን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የተሠራውን ሥራ ውጤት የሚያሳይ ነው። የዕጣ ገንዘብ፣ ዕዳ፣ ዱቤና በባንክ ያለ ገንዘብ በዚህ መግለጫ ውስጥ አይገቡም። የሚገቡት ገቢና ወጪ ብቻ ናቸው።

ሽያጭ — 800,000 ብር

የተሸጠው ዕቃ ዋጋ
ሐምሌ 1 ቀን የነበረ ክምችት — 120,000 ብር
ግዢ ሲደመር — 640,000 ብር
ማጓጓዣ ሲደመር — 30,000 ብር
ለሽያጭ የቀረበ ዕቃ ጠቅላላ ዋጋ — 790,000 ብር
ሰኔ 30 ቀን የተቆጠረ ክምችት ሲቀነስ — 110,000 ብር
የተሸጠው ዕቃ ዋጋ — 680,000 ብር

ያልተጣራ ትርፍ — 120,000 ብር

የሥራ ማስኬጃ ወጪ
ደመወዝ — 60,000 ብር
የቤት ኪራይ — 18,000 ብር
ልዩ ልዩ ወጪ — 12,000 ብር
የእርጅና ቅናሽ — 5,000 ብር
ጠቅላላ ወጪ — 95,000 ብር

የተጣራ ትርፍ — 25,000 ብር

ስለዚህ የሱቁ የዓመቱ ትርፍ 25,000 ብር ነው። የመጀመሪያው አባል 160,000 ብር ያለው ግዢን ከሽያጭ ላይ ብቻ ቀንሶ ነው። ከዚያ ላይ 30,000 ብሩ ለማጓጓዣ ወጥቷል። 10,000 ብሩ የክምችቱ መቀነስ ነው፤ ዓመቱ ሲጀመር የነበረው የ120,000 ብር ዕቃ በመጨረሻ 110,000 ብር ሆኗልና። ሥራውን ለማስኬድ ደግሞ 95,000 ብር ወጪ ሆኗል። ሦስቱ ሲደመሩ 135,000 ብር ይሆናሉ፤ የሚተርፈው 25,000 ብር ነው። እያንዳንዱ ብር የሄደበት ቦታ ስለታወቀ በሱቅ ሠራተኛው ላይ የሚቀርብ ክስ የለም።

80,000 ብሩስ የማን ነው?

በሳጥንና በባንክ ያለውን 80,000 ብር እንከፋፈል ያለው አባል ደግሞ ዕዳን ረስቷል። ማኅበሩ ለዕቃ አቅራቢዎች 85,000 ብር፣ ለሠራተኛው 5,000 ብር፣ በድምሩ 90,000 ብር መክፈል አለበት። ይህም በእጁ ካለው ገንዘብ ይበልጣል።

የማኅበሩ ሀብት ከጥሬ ገንዘቡ ሌላ በአባላት እጅ ያለ 90,000 ብር ዱቤ፣ 110,000 ብር የሚያወጣ ዕቃና ከእርጅና ቅናሽ በኋላ 45,000 ብር የሚገመት መደርደሪያና ሚዛን ነው። ጠቅላላው 325,000 ብር ይሆናል። በሌላ ወገን ዕዳው 90,000 ብር፣ የአባላት ዕጣ 150,000 ብር፣ መጠባበቂያው 60,000 ብርና የዓመቱ ትርፍ 25,000 ብር ሲደመሩ ያው 325,000 ብር ይመጣል። ከዚህ እንደሚታየው ትርፉ አለ፤ ነገር ግን በጥሬ ገንዘብ መልክ በሳጥን ውስጥ የተቀመጠ አይደለም። የሱቁ ገንዘብ በመደርደሪያ ላይ ባለ ዕቃና በአባላቱ በራሳቸው ዱቤ ውስጥ ነው ያለው።

ጉባኤው 80,000 ብሩን ቢከፋፈል ግን አቅራቢዎች ዕዳቸው ሳይከፈል ሌላ ዕቃ በዱቤ አይሰጡም። ክረምቱ ገብቶ መንገድ ሲበላሽ ሱቁ ባዶ ይሆናል። አባሉም በሰኔ የተቀበለውን ጥቂት ብር በነሐሴ ጨውና ሳሙና ከግለሰብ ነጋዴ በውድ እየገዛ ይመልሰዋል።

ትክክለኛው አሠራር ከ25,000 ብሩ ላይ በሕግና በመተዳደሪያ ደንቡ የታዘዘው መጠባበቂያ በቅድሚያ ተነሥቶ የቀረውን ጠቅላላ ጉባኤው እንዲወስንበት ማድረግ ነው። የድርሻው ክፍያ ደግሞ መኸር ተሰብስቦ ዱቤው ሲመለስ እንዲፈጸም ጉባኤው ቢወስን ሱቁ አይጎዳም።

ከመፈረም በፊት

የሥራ አመራር ኮሚቴ አባላት ሁለቱ ወረቀቶች ሲቀርቡላቸው የታችኛውን ድምር ብቻ አይተው መፈረም የለባቸውም። የሚከተሉትን መጠየቅ ይገባቸዋል።

በመዝገብ ላይ ያለው ጥሬ ገንዘብ በሳጥን ውስጥ ተቆጥሯል ወይ? የባንኩ ቀሪ ከባንክ በመጣ መግለጫ ተረጋግጧል ወይ? የዱቤ ካርዶች ድምር ከሌጀሩ ጋር ይገጥማል ወይ? ዕቃው የተቆጠረው እነማን ባሉበት ነው? የተተመነውስ በወጣበት ዋጋ ነው ወይስ በመሸጫው? ያልተከፈለ ወጪና የእርጅና ቅናሽ ገብተዋል ወይ? የዘንድሮው ትርፍ ከአምናው ሲነጻጸር የጨመረው ወይም የቀነሰው በምን ምክንያት ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ የሒሳብ ሠራተኛ ሥራውን በሚገባ ያከናወነ ነው። መልስ ከጠፋ ደግሞ ፊርማው ይቆይ። የቁጥጥር ኮሚቴውም ዓመት እስኪያልቅ ሳይጠብቅ የሙከራ ሚዛን በየወሩ እንዲሠራ ቢያደርግ የአንድ ወር ስሕተት በ12 ወር መዝገብ ውስጥ ተደብቆ አይቀርም።

መግለጫው በጉባኤ ላይ ሲቀርብም ቁጥሩ ብቻ ተነብቦ መታለፍ የለበትም። ማንበብ የማይችለው አባል ጭምር እንዲገባው እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ በግልጽ ቋንቋ ይነገር፤ ጥያቄም ይፈቀድ። ሒሳቡ በአደባባይ የተነገረለት ሠራተኛ አይጠረጠርም። ሒሳቡን የተረዳ አባልም ዱቤውን በወቅቱ ለመመለስና ዕጣውን ለመጨመር አያመነታም። መሪዎች ዘንድሮ ሰኔ 30 ላይ ከገንዘብ ሳጥኑ ቁልፍ በፊት እነዚህን ሁለት ወረቀቶች መጠየቅ ይገባቸዋል።